ስለ ጭልፊቷ ልዕልት፣ ስለ እባቡ ልዑልና ስለ ልጃቸው

የወጣቶች ልብ ወለድ ለቁም ነገር አይበቃም የሚል ሰው ብዙ ነው። በበኩሌ አሜሪካዊቷ አሚሊያ አትዋተር-ሮድስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችውን «ሆክሶንግ»ንና ተከታዮቹን አራት መጻሕፍት ካነበብኩ ወዲህ በዚህ አልስማማም። መጽሐፉ ሲወጣ ደራሲዋ ገና 19 ዓመቷ እንደነበር ሳስብ ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል።

ታሪኩ የሁለት ሕዝቦች ነው። አንዱ ወደ ወፍ፣ ሌላው ወደ እባብ ይለወጣል። የሚለወጡበት ቅርጽ ማዕረጋቸውን ይናገራል፤ ጭልፊት መሆን የወፎቹ ነጋሢ ቤት፣ ኮብራ መሆን የእባቦቹ ነጋሢ ቤት ነው፤ ድንቢጥና ቁራ የሚሆነው ከበታች ይቆማል። (እኛ በቃል የምንቆጥረውን የዘር ሐረግ እነሱ በላባና በቅርፊት ተሸክመውት ይዞራሉ ማለት ነው።) ጦርነቱ ከመርዘሙ የተነሳ በምን እንደተጀመረ የሚያስታውስ የለም። ልዕልት ዳኒካ በጦር ሜዳ የጠላቷን የልዑል ዜንን ታናሽ ወንድም ሲያጣጥር አግኝታ፣ ነፍሱ እስክትወጣ አጠገቡ ትቀመጣለች። ቆይቶም ወደ ነብር የሚለወጡ ሸምጋዮች አንድ ሐሳብ ያመጣሉ፦ ዳኒካና ዜን ይጋቡ። ሁለቱም ወገኖች ይጸየፉታል፤ ሙሽሮቹ ግን በመጨረሻ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ አደጋው የሚመጣው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከቤተ መንግሥቱ ጓዳ ነው።

ብዙ አንባቢ በፍቅሩ ረክቶ እዚህ ላይ ያቆማል። ለእኔ የነገሩ ፍሬ ያለው በ2006 በወጣው በአራተኛው መጽሐፍ ነው። ልጃቸው ኦሊዛ ላባም ቅርፊትም ያላት ክንፋም እባብ ሆና ትወለዳለች። የሁለቱም ዙፋን ወራሽ ናት። ታዲያ ባል የምትመርጠው ከማን ወገን ነው? ከወፎቹ ብትመርጥ እባቦቹ፣ ከእባቦቹ ብትመርጥ ወፎቹ ይነሳሉ። ጋብቻው ጠቡን አላጠፋውም፤ ለልጅቷ አወረሳት እንጂ።

የጎንደርን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ኢያሱ የኦሮሞ ባላባት ልጅ የሆነችውን ውቢትን አገባ። ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞት ልጃቸው ኢዮአስ ገና በልጅነቱ ነገሠ። የአያቱ የእቴጌ ምንትዋብ ዘመዶች የሆኑት የቋራ ሰዎች በአንድ በኩል፣ የእናቱ ወንድሞች በሌላ በኩል፣ በአንድ ልጅ ዙፋን ዙሪያ ተፋጠጡ። ኢዮአስ የሁለቱም ልጅ ነበር፤ ዳሩ ግን ሹመት ለአንዱ ሲሰጥ ሌላው እንደተነጠቀ ይቆጥረው ነበር። ሽኩቻው በበረታበት ጊዜ ከትግራይ ወደ ጎንደር የተጠራው ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ንጉሡን አስገደለው። ዘመነ መሳፍንት ተጀመረ የሚባለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ኦሊዛ ኢዮአስ ያላገኘው በር ተከፍቶላታል፤ ዙፋኑን ትታ ትሄዳለች። ዘውዱም መልሶ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ለጭልፊቶቹ፣ አንዱ ለኮብራዎቹ። በዚህ ላይ ከደራሲዋ ጋር ቅሬታ አለኝ። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የተሠራች፣ ተራው ወፍና ተራው እባብ ጎን ለጎን የሚኖሩባት ዋይቨርንስ ኮርት የምትባል ከተማ አለች። አምስቱ መጻሕፍት ግን ከከተማዋ ይልቅ ወራሹን ሲከተሉ ይውላሉ። ድንቢጧ ከእባብ ጎረቤቷ ጋር በግንብ ወሰን ብትጣላ ማን ይዳኛታል? በየትኛው ሕግ? እኔ ስድስተኛ መጽሐፍ ቢጻፍ የማነበው ይህን ለማወቅ ነበር።