ድንጋዩ መቶ ዓመት ይኖራል፤ ሚስማሩስ?

በአገራችን ጣሪያ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሣር፣ ቀጥሎም ቆርቆሮ ነው። በታላቋ ብሪታንያ ምዕራብ በምትገኘው በዌልስ ግን ብዙ ሰው ቤቱን ሲከድን የኖረው በድንጋይ ነው ብንል፣ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ ይደነቅ ይሆናል። ይህ ድንጋይ ስሌት ይባላል። ቀድሞ በብዙ አገር ተማሪዎች በደብተር ፈንታ ይጽፉበት የነበረው ትንሽ ጥቁር ሰሌዳም ከዚሁ ድንጋይ የተሠራ ነበር።

ስሌት በጥንተ ዘመን ከውሃ በታች የረጋ ጭቃ ነበረ። የምድር ግፊትና ሙቀት አጠንክሮ ድንጋይ አደረገው። ስለዚህም ባለሙያ በመሮ ሲመታው እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላቀቀ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ዝርግ ድንጋይ ይሆናል። ነጋዴዎቹም ለየመጠኑ የባላባት ወይዛዝርትን ማዕረግ ሰጥተውታል፤ 24 ኢንች በ12 የሆነው «ዱቼስ»፣ 20 በ10 የሆነው «ካውንቲስ» ይባላል። ስሙ ያማረ ይሁን እንጂ ሥራው ብርቱ ነበር። የፔንሪን ካባ ሠራተኞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1900 እስከ 1903 ሦስት ዓመት ሙሉ ከአሠሪያቸው ጋር በክርክር ቆይተዋል። የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የስሌት ምድርም በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እንግዲህ በዚህ ድንጋይ ቤቱን ሊከድን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ምን ማወቅ ይገባዋል?

አንደኛ፣ ስሌት ሁሉ አንድ አይደለም። ጥሩው ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል። ብረትነት ያለው ማዕድን የበዛበት ግን ይዝጋል፤ ኖራነት ያለውም እየነጣና እየላላ ይሄዳል። ድንጋዩን በጣት አንጓ ማንኳኳት ነው፤ ጤነኛው እንደ ሸክላ ሳሕን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ደግሞም እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሳደር ነው። ጠዋት እርጥበቱ ከውሃው መስመር ብዙ ወደ ላይ ከተሳበ ድንጋዩ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው፤ የጠጣውም ውሃ በብርድ ወራት በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛ፣ ክብደቱን ማሰብ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ቀጭን ቆርቆሮ አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። የስሌት ክዳን ግን እንደ ውፍረቱ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የጣሪያው ስፋት መቶ ካሬ ሜትር ቢሆን ወራጁና ግድግዳው ከ25 እስከ 40 ኩንታል ተሸክመው ይኖራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ከመገዛቱ በፊት እንጨቱን አዋቂ ይመርምረው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ሚስማሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ሳያረጅ ሚስማሩ ዝጎ ይበጠሳል፤ ድንጋዩም ተንሸራቶ ይወድቃል። ለአንድ ክፍለ ዘመን በሚቆይ ድንጋይ ላይ ርካሽ የብረት ሚስማር መምታት የተቆጠበውን ገንዘብ እጥፍ አድርጎ ማስከፈል ነው። የሚሻለው የመዳብ ሚስማር ነው። አመታቱም ብልሃት ይጠይቃል። ሠራተኛው አጥብቆ ቢመታው ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ አላልቶ ቢተወው የሚስማሩ ራስ ከላይ ያለውን ድንጋይ ያነሣዋል። ድንጋዩ በሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ማረፍ አለበት እንጂ መጨቆን የለበትም።

ከዚህ የተነሣ፣ አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ጥቂት ድንጋዮች ወድቀው ቢያይና ሥራ ተቋራጩ «ሁሉም ይፍረስ፤ በአዲስ ይተካ» ቢለው ፈጥኖ ውል አይፈርም። በመጀመሪያ የወደቀውን አንሥቶ ይመልከት። ድንጋዩ ሙሉ ሆኖ ሚስማሩ ብቻ የበላ ከሆነ ጣሪያው አልሞተም። አውርዶ፣ ለይቶ፣ በመዳብ ሚስማር መልሶ መስቀል ይቻላል። ድንጋዩ ራሱ እየተላጠ በእጅ የሚፈረፈር ከሆነ ግን ዘመኑ አልፏል። የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ቁጠባ መትረፉና መጥፋቱ ይህን በመለየት ላይ ነው።

ከተሠራም በኋላ በስሌት ጣሪያ ላይ በእግር መመላለስ ክልክል ነው፤ የጠገኚ መሰላል ያስፈልጋል። ከየብርዱ ወራት በኋላ መመልከትና የተሰበረችውን አንዲት ድንጋይ ወዲያው መተካት ይገባል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

በአጭሩ፣ ጣሪያ የሚገዛ ሰው በመንገደኛ ዓይን የሚታየውን ድንጋይ ብቻ አይቶ አይግዛ። ቤቱን ከዝናብ የሚጠብቀው የሚታየው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የሚጠብቀው ግን የማይታየው ሚስማር ነው።