ተረትና እውነታ፦ የዮሺካትሱ ካዋጉቺ ዝና

ስለ ጃፓናዊው ግብ ጠባቂ ስለ ዮሺካትሱ ካዋጉቺ የሚነገረው አብዛኛው ከፍቅር የመነጨ ነውና፣ ፍቅርም ምርመራን እምብዛም ስለማይወድ፣ ተረቱን ከእውነታው መለየት ተገቢ ሆኖ ይገኛል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ ዝናው የመጣው ከመልኩ ነው።

እውነታ፦ ደም ግባቱ አድናቂ እንዳበዛለት ባይካድም፣ የስሙ መሠረት የተጣለው በ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ፣ በማያሚ ከተማ፣ እነ ሪቫልዶና ቤቤቶ የተሰለፉበት የብራዚል ቡድን 28 ጊዜ ወደ ግብ መትቶ አንዲት እንኳ ሳትገባለት ጃፓን 1 ለ 0 ባሸነፈችበት ዕለት ነው፤ ያንን ድል ጃፓኖች እስከ ዛሬ «የማያሚ ተአምር» ይሉታል። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫም የክሮኤሺያውን ዳሪዮ ስርናን ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ ያንን ዝና አጽንቶታል።

ተረት፦ ከሁሉ የተወደደ ስለ ነበረ ዘወትር ተቀዳሚው ተሰላፊ እርሱ ነበር።

እውነታ፦ ካዋጉቺና ሌላው ግብ ጠባቂ ሴይጎ ናራዛኪ ከ1998 እስከ 2010 በአራት የዓለም ዋንጫዎች አብረው ተመርጠዋል፤ ይሁን እንጂ በ1998ና በ2006 ግቡን የጠበቀው ካዋጉቺ፣ ጃፓን ራሷ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ባስተናገደችው በ2002 ግን ናራዛኪ ሲሆን፣ በ2010 ሁለቱም በተጠባባቂነት ተቀምጠው ስፍራው ለኤይጂ ካዋሺማ ተሰጥቷል።

ተረት፦ በአውሮፓ ስላልቀናው ዝናው ከንቱ ነበር።

እውነታ፦ በ2001 ወደ እንግሊዙ ፖርትስማውዝ ተዛውሮ ብዙ ሳይቆይ ስፍራውን ማጣቱ፣ ቀጥሎም በዴንማርክ ኖርሼላንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ መቆየቱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ ለጁቢሎ ኢዋታ ከተሰለፈ በኋላ በብሔራዊ ቡድን የተጫወታቸው ግጥሚያዎች 116 ደርሰዋል፤ ይህም ሌላ ማንም ጃፓናዊ ግብ ጠባቂ ያልደረሰበት ቁጥር ነው።

ተረት፦ ናራዛኪ ያን ያህል ያልተወደሰው በችሎታው ስላነሰ ነው።

እውነታ፦ ካዋጉቺ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ሆኖ በፍጥነቱና በድፍረቱ የሚታመን ነበርና፣ ማዳኑ ሁሉ ለተመልካች ዓይን ጎልቶ ይታይ ነበር፤ ረዘም ያለውና የረጋው ናራዛኪ ግን አስቀድሞ በስፍራው እየተገኘ ጭንቁን ከመነሻው ስለሚያስቀር፣ ለተራኪ የሚሆን ወሬ አይተርፍም ነበር። ሕዝብ የሚያመሰግነው ያየውን ማዳን ሲሆን፣ አሠልጣኝ የሚቆጥረው ሳይደርስ የቀረውን አደጋ ጭምር ነው። ስለዚህም በ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ስፍራውን ያጣው ናራዛኪ፣ በዚያው ዓመት ክለቡን ናጎያ ግራምፐስን ለሻምፒዮንነት አብቅቶ፣ የጃፓን ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲሰየም የመጀመሪያው ግብ ጠባቂ ለመሆን በቅቷል፤ ይህን ክብር በዝና የሚበልጠው ካዋጉቺ ፈጽሞ አላገኘውም።