ንፋስ፣ ሞተር ሳይክልና ጆሯችን

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ ሞተር ሳይክል ለሚነዳ ሰው ሌላም ትርጉም አለው። ጆሮ በጩኸት ሲጎዳ እንደ ጥርስ አያምም፤ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ፣ የሄደው ላይመለስ ከሄደ ወዲያ ነው። በየምንኖርበት አገር ሞተር ሳይክልን ለሥራ መመላለሻ፣ ዕቃና ምግብ ለማድረስ ወይም ለመዝናኛ የምንጠቀም ጥቂት አይደለንም። ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ እንነጋገራለን፤ ስለ ንፋሱ ግን እምብዛም አናነሳም።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ጆሮን የሚጎዳው የሞተሩ ድምፅ ይመስለዋል። በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ የሚሰማው በእርግጥም ሞተሩ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ግን፣ በአብዛኛው ዋናው ጩኸት ንፋሱ ሄልሜቱን ሲመታና በዙሪያው ሲሽከረከር የሚፈጥረው ነው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ላይ በሄልሜቱ ውስጥ ያለው ድምፅ 95 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደግሞ 100 ሊሻገር ይችላል።

ይህ ምን ማለት ነው? የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች የሚመክረው ገደብ በቀን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ለ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ ለ94 አንድ ሰዓት፣ ለ100 ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሰዓት በፈጣን መንገድ የሚመላለስ ሰው የቀኑን ድርሻ በመንገዱ ላይ ብቻ ሊጨርስ ይችላል።

በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ከሞቱ መልሰው አያድጉም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ «ስ»ና «ፍ»ን የመሳሰሉት ይደበዝዛሉ። ሰውየው «ይሰማኛል፣ ግን አይለይልኝም» ማለት ይጀምራል። ጫጫታ በበዛበት ቦታ በሁለተኛ ቋንቋ መነጋገር ድሮም ለሚከብደው ስደተኛ ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ራስን የሚያላጋ ንፋስ

ከጩኸቱ ሌላ ጭንቅላትን ወዲያና ወዲህ የሚያላጋ ንፋስ አለ። አንገትን ያደክማል፤ ዓይንንም ያንቀጠቅጣል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ለመከላከያ የተሠራው የፊት መስታወት ራሱ ነው። ንፋሱ የመስታወቱን ጫፍ ሲለቅ ይሰበርና አዙሪት ይሆናል፤ ያ አዙሪት በትክክል ሄልሜቱ ላይ ካረፈ መናወጡ ይጀምራል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ትልቅ መስታወት መግዛት አይደለም። ጭር ባለ ቀጥተኛ መንገድ ላይ፣ መሪውን ሳይለቁ፣ ለአፍታ ጎንበስ ይበሉ። መናወጡ ከቆመ መስታወቱ ከፍ ማለት አለበት። በተቃራኒው ከመቀመጫዎ ትንሽ ከፍ ሲሉ ከቆመ፣ መስታወቱ ዝቅ ቢል ሄልሜቱ ያልተሰበረ ንፋስ ያገኛል። አጭር መስታወት ጩኸቱን ላይቀንስ ይችላል፤ መላጋቱን ግን ያቆማል። አንዳንድ ጊዜ ከመስታወቱ ሥር ጥቂት አየር የሚያሳልፍ ክፍተት መተው ብቻ ይበቃል፤ ከኋላው ያለው የአየር ግፊት ስለሚስተካከል አዙሪቱ ይረግባል።

ሄልሜትስ? ዋና ሥራው በአደጋ ጊዜ ራስን ማትረፍ እንጂ ድምፅ ማገድ አይደለም። ሆኖም ልክ የሆነ፣ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት ይረዳል። ጩኸቱ በብዛት የሚገባው ከታች በአንገት በኩል ስለሆነ፣ ጃኬት ውስጥ በደንብ የተከተተ የአንገት ልብስም ይቀንሰዋል።

ርካሹ መድኃኒት

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዋጋው እጅግ ትንሽ የሆነው የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ነው። በንጹሕ ጣት አሹረው ያቅጥኑት፤ በሌላው እጅ የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡት፤ እስኪያብጥ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዙት። በግማሽ የገባ መድፈኛ የሚከላከለው ጥቂት ነው።

«ጆሮዬን ደፍኜ የመኪና ጥሩምባ እንዴት እሰማለሁ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። መድፈኛው ሁሉንም ድምፅ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በፍጥነት መንገድ ላይ ጥሩምባውን የሚሸፍነው ንፋሱ ነው፤ ሁለቱም አብረው ሲቀንሱ ጥሩምባው ከንፋሱ በላይ መሰማቱን አያጣም። በዝግታ በሚነዳበት የከተማ መንገድ ላይ ግን አስፈላጊነቱ ያንሳል። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ሕግ ሁለቱን ጆሮ መድፈንን ይከለክላል፤ ነገር ግን ጎጂ ጩኸትን ለመቀነስ ተብለው የተሠሩና የጥሩምባና የሳይረን ድምፅ የማያግዱ መከላከያዎችን ይፈቅዳል። ያሉበትን አገር ሕግ አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ከሞተር ሳይክል ከወረዱ በኋላ ጆሮዎ የሚጮህ ወይም የሰው ንግግር የሚታፈንብዎ ከሆነ፣ ድካም ነው ብለው አይለፉት፤ ጩኸቱ ከልክ ማለፉን እየነገርዎ ነው። የመስማት ምርመራ ያድርጉ፤ የነገውን ጉዞም መድፈኛ ሳይዙ አይጀምሩ። መልካም መንገድ!