የጭስ ማውጫው ስንጥቅ አይናቅ

በቅርቡ እህል በረንዳ አጠገብ አንድ ዳቦ ቤት ገብተን ነበር። የሸክላ ጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ተፈርፍሮ ጭሱ ወደ ዱቄት ጆንያዎቹ ይወጣ ነበር። ብልጭታ ቢከተለውስ? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የደረሰውን የሸማ ተራ ቃጠሎ የሚያስታውስ ሰው ይህን ዝም ብሎ አያልፍም።

ታዲያ እንዴት ይጠገናል? በመጀመሪያ እሳቱ ጠፍቶ ማውጫው ይቀዝቅዝ። የላላው ቡኮ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በመሮ ተፍቆ ይውጣ፤ አቧራው ተጠርጎ ሸክላው በውሃ ይርጠብ። ከዚያም አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራና ስድስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ ተጠቅጥቆ ይሞላ።

«ሲሚንቶ ሲበዛ ይጠነክራል» ማለት ግን ስህተት ነው። ቡኮው ከሸክላው ከጠነከረ የሚሰነጠቀው ሸክላው ነው። ጥገናው ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆይ።

ነገ ስንመደብ ይህን ለተማሪዎቻችን በተግባር እናሳይ።