መሪ ውሻ የሚያድግበት ቤት

መሪ ውሻ ማለት ዓይነ ስውር ሰው ያለ ሌላ ሰው ድጋፍ መንገድ እንዲሄድ የሚያግዝ የሠለጠነ ውሻ ነው። ሥልጠናው መልክ የያዘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን ውስጥ ነው። በ1916 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦልደንቡርግ የተከፈተው ትምህርት ቤት ዓይናቸውን በጦር ሜዳ ላጡ ወታደሮች ውሾች ያዘጋጅ ነበር። ስዊዘርላንድ ይኖሩ የነበሩት አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ዶሮቲ ዩስቲስ የጀርመኖቹን ሥራ አይተው በ1927 በአንድ የአገራቸው መጽሔት ጻፉ። ሞሪስ ፍራንክ የተባለ የናሽቪል ዓይነ ስውር ወጣት ጽሑፉ ሲነበብለት ሰምቶ ደብዳቤ ላከላቸው። በ1928 ስዊዘርላንድ ሄዶ ሠለጠነና ባዲ ከተባለች ጀርመን ሼፐርድ ጋር ተመለሰ፤ ኒው ዮርክ ውስጥም ጋዜጠኞች እያዩት መኪና የሚተራመስበትን ሰፊ ጎዳና በእሷ መሪነት ተሻገረ። በዓመቱ ፍራንክና ዩስቲስ “ዘ ሲይንግ አይ” የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዛሬ መቀመጫው ኒው ጀርሲ፣ ሞሪስታውን ነው።

ትምህርት ቤቱ ከ1942 ጀምሮ ቡችሎቹን በፈቃደኛ ቤተሰቦች ዘንድ ያሳድጋል። ቡችላ ሰውንና አካባቢውን በቀላሉ የሚላመደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ እንደሆነ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በሜይን ግዛት ባደረጉት የብዙ ዓመታት ጥናት አሳይተዋል። በዚህ ዕድሜ ከሰው ርቆ የቆየ ቡችላ፣ ምንም ያህል በደንብ ቢመገብ፣ ኋላ ደረጃም ድምፅም ሊያስፈራው ይችላል።

ስለዚህ ቡችላው ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ሲሆነው አሳዳጊዎቹ ቤት ይገባል፤ ከአንድ ዓመት በላይም ይቆያል። የበር ደወል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጩኸት፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የእንግዳ መግባትና መውጣት ሁሉ ትምህርቱ ናቸው። ቤተሰቡ ገበታ ሲቀርብ እግር ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። ከማዕድ ቁራሽ አይጣልለትም፤ ነገ ምግብ ቤት ውስጥ የወደቀ ፍርፋሪ ሲከተል ጌታውን ይዞት ሊሄድ ይችላልና። እንግዳ ላይ አይዘልም፤ በሰዓቱና በተፈቀደለት ቦታ ይጸዳዳል። ይህን ሁሉ የሚያስተምሩት ብዙውን ጊዜ ሙያተኞች አይደሉም፤ ከእነሱም መካከል ታዳጊ ልጆች አሉ። ለእኔ የሥራው ክብር እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ውሻው ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ከአሰልጣኝ ጋር አራት ወር ገደማ ይሠራል። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ መቆምን፣ በሰው ራስ ከፍታ ላይ ያለን ቅርንጫፍ ማስተዋልን ይማራል። ብዙ ሰው ውሻው የትራፊክ መብራት የሚያነብ ይመስለዋል። መንገዱን የሚያውቀውና መኪናውን አዳምጦ “ወደፊት” የሚለው ግን ዓይነ ስውሩ ነው። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ መኪና ከመጣ ውሻው አልንቀሳቀስም ማለት አለበት። ሰውን የሚፈራ ወይም በሆነ ባልሆነው የሚደነግጥ ውሻ ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ርጋታ መሠረቱ የተጣለው በአሳዳጊዎቹ ቤት ነው።

በቂ ሆኖ ያልተገኘ ውሻም አይጣልም፤ ሌላ ሥራ ይፈለግለታል ወይም ለማዳ ሆኖ ይኖራል፣ አሳዳጊዎቹም ብዙ ጊዜ የመውሰድ ቅድሚያ ያገኛሉ። የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሥልጠናውን የጨረሰ ውሻ ወደ ሱቅና ምግብ ቤት እንዲገባ ይፈቅዳል። በሥልጠና ላይ ያለ ቡችላ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ ብዙ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ በሩን ከፍተውለታል።