እየተመላለሰ የሚያሰቃይ እባጭ

ብብት ወይም ብሽሽት ላይ የወጣ እባጭ ብዙውን ጊዜ ፈርጦ ይድናል። እዚያው ቦታ ጠባሳ እየተወ ከተመላለሰ ግን ተራ ብጉንጅ ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ሃይድራዲናይቲስ ሰፑራቲቫ የሚሉት ሥር የሰደደ የቆዳ ብግነት አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ከፀጉር ሥር ነው። ፀጉሩ የሚበቅልበት ቀዳዳ ይደፈንና ያብጣል፤ በኋላም ከቆዳው በታች ይፈነዳል። ሰውነት የፈሰሰውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዘምትበታል፤ ሕመሙም መግሉም ከዚህ ይመጣል። ሲቆይ አንዱን እባጭ ከሌላው የሚያገናኝ ቦይ ከቆዳ ሥር ይፈጠራል። በሽታው ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ይህ ደጋግሞ ሊነገር ይገባል፤ ታማሚው ሐፍረት ይዞት ለዓመታት ደብቆት ይኖራልና።

ታዲያ ተላላፊ ካልሆነ አንቲባዮቲክ ምን ያደርግለታል? ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያን ከመግታቱ ሌላ ብግነትን ያበርዳል፤ እዚህ ላይ በጣም የሚፈለገውም ይኸው ጠባዩ ነው። በሳምንት የሚያልቅ ሕክምና ስላልሆነ እስከ 12 ሳምንት ሊታዘዝ ይችላል። ለቀላሉ የሚቀባ ክሊንዳማይሲን አለ። ለጠናበት ደግሞ ክሊንዳማይሲንና ሪፋምፒሲን፣ እያንዳንዳቸው 300 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ አብረው ለ10 ሳምንት ያህል ሲሰጡ ቆይተዋል።

ሪፋምፒሲን ላይ ግን ጥንቃቄ ይበዛል። የቲቢ ዋና መድኃኒት ነው፤ ለሥጋ ደዌም ይሰጣል። ቲቢ በሚበዛበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ቲቢው ሳይታወቅበት የኖረ ሰው ለቆዳው ብሎ ቢወስደው ጀርሙ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል፤ ያኔ ለቲቢው የሚቀረው ሕክምና ይከብዳል። ስለዚህ ቲቢ እንደሌለበት ሳይጣራ መጀመር የለበትም። ሽንትንና እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ይህ አያስደነግጥም። የወሊድ መከላከያ ኪኒንን ግን ያዳክማል፤ ሴቲቱ ይህን ሳትሰማ መድኃኒቱን ይዛ ልትሄድ አይገባም።

ከመድኃኒት ቤት የአምስት ቀን አሞክሲሲሊን በየጊዜው መግዛት ለዚህ በሽታ አይበጅም። ቦዩ ከተፈጠረ በኋላ እንክብል ብቻውን አይዘጋውም፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ቢያቆም ይመከራል።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የዛሬውን እባጭ ብቻ አታሳዩ። ከዚህ በፊት የት የት እንደወጣ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ከቤተሰብ ማን እንዳለበት ንገሩ፤ በሽታው የሚለየው በዋናነት በዚህ ታሪክና ቆዳውን በማየት ነው።