ከሜዳው ጀርባ፦ በአሜሪካ የትርፍ ጊዜ ሮኬት ማኅበራት የበጎ ፈቃድ አመራር ችግሮች

ስለ ትርፍ ጊዜ ሮኬት ማኅበራት በሚጻፉ ጽሑፎች ዘወትር የሚወሳው ሮኬቱ ነው፤ የሞተሩ ኃይል፣ የደረሰበት ከፍታ፣ የወደቀበት ቦታ። ሮኬቱ የሚወነጨፍበትን ሜዳ ከባለቤቱ ማን እንደ ለመነ፣ ለአየር ክልሉ የፈቃድ ማመልከቻ ማን እንደ ጻፈ፣ ሲመሽም የኤሌክትሪክ ገመዱን ማን እንደ ጠቀለለ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካን ማኅበራት ምሳሌ በማድረግ የሚመረምረው ይህን የተዘነጋ ጎን ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ ማኅበራቱን የሚመሩትን በጎ ፈቃደኞች የሚያሰለቻቸው፣ በተለምዶ እንደሚባለው፣ የመንግሥት ደንብ መብዛት ብቻ አይደለም። ደንቡ ለተሳታፊው ቀላል፣ ለአዘጋጁ ግን ከባድ ሆኖ መገኘቱና ማኅበራቱም ይህን ክብደት የሚያከፋፍሉበት ሥርዓት አለማበጀታቸው የበለጠ ያሰለቻቸዋል።

ነገሩን ለመረዳት ማኅበራቱ የተወለዱበትን ምክንያት ማስታወስ ይገባል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ባመጠቀች ጊዜ፣ በርካታ አሜሪካውያን ወጣቶች የብረት ቱቦ እየቆረጡና ነዳጁን በየቤታቸው እየቀላቀሉ ሮኬት ለመሥራት ተነሣሡ። በዚህም እጅና ዓይናቸውን ያጡ፣ ሕይወታቸውም ያለፈ ነበሩ። መፍትሔው የመጣው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው። በነብራስካ ግዛት በኖርፎክ ከተማ ጫማ ይሸጥ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ርችት ወዳድ ሰው ነበር። እርሱም በ1950ዎቹ አጋማሽ ቀላል አካል ያለው፣ በፓራሹት የሚመለስና ያለቀው ሞተር በአዲስ የሚተካበት ትንሽ ሮኬት ሠራ። በኒው ሜክሲኮ ዋይት ሳንድስ የሮኬት መሞከሪያ ይሠራ የነበረው ደራሲ ሃሪ ስታይን የዚህን ፈጠራ ትርጉም ወዲያው ተገነዘበ። ዛሬ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የሚባለው ድርጅትም በዚያው በ1957 ተመሠረተ። ጥቂት ቆይቶ ቬርን ኤስቲዝ ትንንሾቹን ሞተሮች በብዛት የሚያመርት ማሽን ሲሠራ ሐሳቡ ለሁሉም የሚደርስ ሸቀጥ ሆነ።

የዚህ ሥርዓት መሠረት አንድ ስምምነት ነው። ተሳታፊው ነዳጅ አይቀላቅልም፣ በፋብሪካ የተሠራና የተፈተነ ሞተር ይገዛል፣ የማኅበሩን የደኅንነት ደንብ ያከብራል፤ በምላሹም ባለሥልጣናት እንዲጫወት ይተዉታል። ስለዚህ ማኅበሩ የመዝናኛ ስብስብ ብቻ ሳይሆን የስምምነቱ ዋስ ነው። ዋሱ ደግሞ ደመወዝ የሌለው፣ ቅዳሜውን መሥዋዕት የሚያደርግ ሰው ነው።

የሜዳው ጥያቄ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው መሬት ነው። ሮኬቱ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ጠባብ ቢሆንም የሚወርድበት ሰፊ ነው። ለምሳሌ አንድ ሮኬት 1,000 ሜትር ላይ ፓራሹቱን ቢከፍትና በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት ቢወርድ፣ መሬት ለመድረስ 200 ሰከንድ ይፈጅበታል። ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ከሆነ ሮኬቱ ከተወነጨፈበት 1,600 ሜትር ርቆ ያርፋል ማለት ነው። ይህ የነፋስ ፍጥነት በማኅበሩ ደንብ ከተወሰነው የሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ጣሪያ በታች ስለሆነ ውንጨፋው አይከለከልም። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው አባላት ሁለት ፓራሹት ይጠቀማሉ። በመጀመሪያው ትንሽ ፓራሹት በሰከንድ 20 ሜትር እየወረደ 150 ሜትር ላይ ሲደርስ ትልቁ የሚከፈት ከሆነ፣ ጠቅላላ የመውረጃው ጊዜ ወደ 72 ሰከንድ፣ የሚወሰድበትም ርቀት ወደ 580 ሜትር ዝቅ ይላል። ይህም ቢሆን አንድ አነስተኛ እርሻ የሚያክል ርቀት ነው።

በምዕራቡ አሜሪካ እንደ ኔቫዳው ብላክ ሮክ በረሃ ያሉ ሰፋፊ ደረቅ ሜዳዎች አሉ። በመካከለኛውና በምሥራቁ ክፍል ግን ማኅበራት በአብዛኛው የሚለምኑት የገበሬ ማሳ ነው። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግባቸው ወራት የጠፋ ሮኬት ፍለጋ ሰብል መርገጥ ይሆናል፤ ከምርት በኋላ ሜዳው ክፍት ሲሆን ደግሞ ቀኑ ያጥራል፣ ብርዱም ይጠናል። ከገበሬው ጋር ያለው ግንኙነት በጽሑፍ የሰፈረ ውል ላይሆን ይችላል፤ የሁለት ሰዎች ትውውቅ ነው። አንድ የማኅበር ሊቀ መንበር ለዓመታት እየደወለ፣ ለበዓል እየጎበኘ፣ የተሰበረ አጥር እየጠገነ ያቆየው ወዳጅነት ማኅበሩ ሜዳ አለው የሚያሰኘው ብቸኛ ሰነድ ይሆናል። ባለቤቱ ሲሞት ወይም መሬቱ ሲሸጥ፣ አልያም ሊቀ መንበሩ ራሱ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሰነዱ አብሮ ይሄዳል። በእኔ እምነት ብዙ ማኅበራት የሚፈርሱት በጠብ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ጸጥ ያለ መንገድ ነው።

የወረቀቱ ጥያቄ

የአሜሪካ ፌዴራል አቪየሽን አስተዳደር ሮኬቶችን በክፍል ይመድባል። ከ125 ግራም የማይበልጥ ነዳጅ የያዘ፣ ከነነዳጁ ከ1,500 ግራም የማያልፍና ከወረቀት፣ ከእንጨት ወይም ከሚሰበር ፕላስቲክ የተሠራ ሮኬት አንደኛ ክፍል ሲሆን አስቀድሞ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከዚያ የሚበልጠው፣ የሞተሩ ጠቅላላ ግፊት እስከ 40,960 ኒውተን ሰከንድ የሚደርሰው፣ ሁለተኛ ክፍል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማመልከቻው ከታሰበው ቀን ቢያንስ 45 ቀናት ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ የሜዳው ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የሚጠበቀው ከፍታ፣ የሮኬቶቹ ብዛትና የመመለሻቸው ዘዴ ይገለጻል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም ውንጨፋው ሊካሄድ ከሦስት ቀን እስከ 24 ሰዓት ሲቀረው ለአየር ትራፊክ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ተፈጽሞ በዕለቱ ከሰማዩ ከግማሽ በላይ በደመና ከተሸፈነ፣ ወይም የዕይታው ርቀት ከ8 ኪሎ ሜትር ገደማ ካነሰ ሁለተኛ ክፍል ሮኬት አይወነጨፍም።

ደንቡ ምክንያታዊ ነው፤ አውሮፕላን አብራሪ ያላየው ሮኬት በክንፉ ሥር እንዲያልፍ የሚፈልግ የለም። ነገር ግን ሸክሙ በምን መልክ እንደሚደርስ እናስተውል። ለሰላሳ ተሳታፊዎች ደንቡ «ዛሬ ይቻላል» ወይም «ዛሬ አይቻልም» የሚል አንድ ቃል ነው። ለአመልካቹ ግን የሳምንታት የደብዳቤ ልውውጥ ነው፤ ቀኑ በደመና ሲበላሽም ከሩቅ የመጡት ሰዎች ቅሬታቸውን የሚያቀርቡት ለእርሱ ነው። የእድር ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው ይህን ስሜት ለመረዳት ሮኬት ማወቅ አያስፈልገውም።

«አይሆንም» የሚለው ሰው

ከሥራዎቹ ሁሉ አስቸጋሪው ግን ወረቀትም ገመድም አይደለም፤ የሜዳው የደኅንነት ኃላፊ ሥራ ነው። ኃላፊው እያንዳንዱን ሮኬት ከመወንጨፉ በፊት በእጁ ይዞ ይመረምራል። የክብደቱ ማዕከል ከአየር ግፊቱ ማዕከል ወደ አፍንጫው ቢያንስ በሮኬቱ ወርድ ልክ መቅደሙን ያያል፤ ካልቀደመ ሮኬቱ በአየር ላይ ተገልብጦ ወደ ተመልካቹ ሊዞር ይችላል። ለትላልቆቹ ደግሞ ክብደቱ ከሞተሩ አማካይ የግፊት ኃይል አንድ ሦስተኛ አለመብለጡን ያረጋግጣል። ክንፎቹን ይነቀንቃል፣ የፓራሹቱን ገመድ ይጎትታል፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያው የሚከፈት ከሆነ ባለቤቱ መቼ እንደሚያበራው ይጠይቃል።

ቴክኒካዊው ክፍል በሥልጠና ይገኛል። ማኅበራዊው ክፍል ግን የሚሰጥበት ትምህርት ቤት የለም። አንድ አባል ለስድስት ወር የሠራውን ሮኬት አራት ሰዓት ነድቶ ያመጣዋል፤ ልጁም አጠገቡ ቆሟል። ኃላፊው የክንፉን መገጣጠሚያ ሲነካ ስንጥቅ ያገኛል። ስንጥቁ ምናልባት ችግር አያመጣም፤ ምናልባት ያመጣል። «አይሆንም» ሊል የሚገባው ይህ ሰው ፖሊስ አይደለም፣ የአቪየሽን መርማሪም አይደለም፤ ዛሬ የከለከለውን ሰው በሚቀጥለው ወር የማስወንጨፊያ ጠረጴዛ እንዲሸከምለት የሚለምን ጓደኛው ነው። ሥልጣኑ በሙሉ የተመሠረተው በሌሎች መልካም ፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክልከላ ከወዳጅነቱ ላይ ትንሽ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ዝምታ ደግሞ ከደኅንነቱ ላይ። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሒሳብ የዋለ ሰው ማታ የራሱን ሮኬት ሳያስወነጭፍ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወደ ማኅበሩ ያመጣው ፍቅር የሚያልቀው በዚህ መልክ ይመስለኛል።

ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ክርክር

ከሜዳው ውጭ የተካሄደ አንድ የታወቀ ጉዳይ ይህንኑ ቅርጽ በትልቁ ያሳያል። ትላልቅ የትርፍ ጊዜ ሮኬቶች የሚጠቀሙበት የአሞኒየም ፐርክሎሬት ውሁድ ነዳጅ የጠፈር መንኮራኩር ረዳት ሮኬቶች ይጠቀሙበት ከነበረው ጋር አንድ ዘር ነው። የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂዎች ቢሮ ነዳጁን በፈንጂዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ስለነበር፣ ከ62.5 ግራም በላይ ለሚይዙ ሞተሮች የፈንጂ ፈቃድና ልዩ ማከማቻ ይጠየቅ ነበር። ብሔራዊ የሮኬት ማኅበርና ትሪፖሊ የሮኬት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ በዋሽንግተን ዲሲ ክስ መሠረቱ። ክርክሩ ሳይቋጭ የመስከረሙ 2001 ጥቃት ደረሰ፤ በ2002 የወጣው ሕግ ደግሞ የፈቃድ ግዴታውን በአንድ ግዛት ውስጥ ለሚደረግ ግዢም አስፋፋው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2006 ቢሮው ለምደባው በቂ ማብራሪያ አላቀረበም ሲል ጉዳዩን መለሰው፤ በመጋቢት 2009 ዳኛ ሬጂ ዋልተን ምደባውን ሻሩት። የክርክሩ እምብርት ነዳጁ የሚቃጠልበት ፍጥነት ከፈንጂ ጋር ያስመድበዋል ወይ የሚል ነበር።

ድሉ ለሁሉም ሆነ፤ ለጠበቃ መዋጮ ሳንቲም ላላወጣውም ጭምር። ማንኩር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው ስለ የጋራ ተግባር አመክንዮ በጻፈው መጽሐፉ ያሳየው ይህንን ነው፦ ማንም የማይከለከልበት ጥቅም ሲኖር፣ ብዙው ሰው ሌላው እስኪያስገኝለት መጠበቅ ያዋጣዋል። ኦልሰን ከዚህ የሚያልፍ፣ ለትንንሽ ማኅበራት የሚስማማ ሌላ ነጥብም አለው። በትንሽ ቡድን ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም የሚያገኘው አባል ሌሎቹ ባያግዙትም ነገሩን ብቻውን ሊያቀርበው ስለሚችል፣ ብዙኃኑ እርሱን ይበዘብዙታል። በሮኬት ማኅበር ይህ ሰው ሮኬት ከማንም አብልጦ የሚወደው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረታችን ግማሹን ነገር ይናገራል፤ ሎሚውን ለማከፋፈል የሚያስቸግረው ሃምሳውም ሰው አንዱ ተሸክሞት ሲሄድ ለዓመታት ማየት መልመዱ እንደ ሆነ ግን አይነግረንም።

መድኃኒቱ ሥራን ማዳረስ ነው ማለት ቀላል ነው። ማስወንጨፍ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ አንድ ሰዓት ያገልግል የሚል ደንብ ገመድ ለመዘርጋት፣ ለምዝገባና ለጽዳት ይሠራል። ለደኅንነት ኃላፊነት ግን አይሠራም፤ ትናንት የገባ አባል የክንፍ ስንጥቅ ሊዳኝ አይችልም። ስለሆነም ቀላሉ ሥራ ሲከፋፈል ከባዱ በእነዚያው ሁለትና ሦስት ሰዎች እጅ ይቀራል፤ አባላቱም ድርሻቸውን እንደ ተወጡ ስለሚሰማቸው የቀረውን አያዩትም። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ለእያንዳንዱ ኃላፊ አንድ ተለማማጅ መመደብ ነው። ተለማማጁ ሮኬቱን ይመረምራል፣ ፍርዱን ከነምክንያቱ ይናገራል፣ የመጨረሻውን ቃል ኃላፊው ይሰጣል። «አይሆንም» የሚለውም ቃል ከሁለት ሰዎች ሲወጣ የአንድ ጓደኛ ክፋት መምሰሉ ይቀራል። ከገበሬው ጋር በሚደረገው ጉብኝትም ሊቀ መንበሩ ብቻውን ባይሄድ ይበጃል።

ይህን በመረጃ ለመፈተን ለሚሻ ተመራማሪ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። በየአየር ክልል ማመልከቻው ላይ የኃላፊው ሰው ስም ይሰፍራል። ማኅበራት ካስቀመጧቸው የአሥር ዓመት ቅጂዎች ይህ ስም ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ መቁጠር፣ ስሙ ካልተለወጠባቸው ማኅበራት መካከልም ያ ሰው ከተወ በኋላ ሁለተኛ ማመልከቻ ያስገቡት ስንቶቹ እንደ ሆኑ ማየት ይቻላል።